ስለ ቤት ሙያ፤ ኮቶሌታን በሞቀ አየር ስለ መጥበስ

የሚላኖ ሰዎች የጥጃ ጎድን ከነአጥንቱ ቈርጠው፤ ዕንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ አልብሰው፤ በቅቤ ይጠብሱታል፤ ስሙም ኮቶሌታ ነው። በዛሬ ዘመን ኤር ፍራየር የተባለው መሣሪያ ይህንኑ በጥቂት ዘይት ስለሚሠራ፤ አሠራሩን ለእመቤቶች ልንገልጽ ወደድን።

2 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረውን ሥጋ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ጨውና ቁንዶ በርበሬ መነስነስ ነው። ከዚያም በዱቄት፤ በተመታ ዕንቁላል፤ በመጨረሻም በጥቂት ዘይት በታሸ ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ ማልበስ ነው። ሥጋው ሳይደራረብ ይቀመጥ፤ አየሩ በዙሪያው ካልነፈሰ ቅርፊቱ ይረጥባልና። በሴንቲግሬድ 200 ዲግሪ ሙቀት 12 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ በእኩሌታውም ይገለበጣል።

ዳሩ ግን የቅርፊቱ መቅላት የውስጡን መብሰል አይመሰክርም። በስሎአል ብሎ ያልበሰለ ሥጋ ለልጅና ለእንግዳ ማቅረብ፤ ነውር ብቻ ሳይሆን በሽታንም ያመጣል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያውን ከአጥንቱ አርቆ በሥጋው መካከል መትከል ይገባል፤ 63 ዲግሪ ካሳየ በኋላም ሥጋው 3 ደቂቃ ይረፍ። በበግም ሆነ፤ በሌላ አገር እንደሚደረገው፤ በአሳማ ሥጋ ቢሠራ ልኩ ያው ነው። ባለሙያ የምትባለው እመቤት ዓይኗን ሳይሆን መለኪያውን የምታምን ናት።