ስኖርክሉን አትጣሉት፣ ማስካችሁ ላይም አታንጠልጥሉት

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ኮርሱን ጨርሰናል፣ ካርዱም በእጃችን ነው። አሁንም ስኖርክል ይዘን መግባት አለብን ወይ?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብያለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ባሕር ላይ ከሆናችሁ ያዙ። ግን ስትጠልቁ ማስካችሁ ላይ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ከላዩ ጣሪያ ያለበት ቦታ፣ ማለትም ዋሻ ወይም የሰመጠ መርከብ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ውጭ ይቅር።

ምክንያቱን ለማየት መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። ስኖርክል የውሃው ገጽ ላይ ብቻ የሚሠራ ቱቦ ነው። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነው በከንቱ አይደለም። አንድ ሜትር ዝቅ ስትሉ ውሃው ደረታችሁን የሚጫንበት ግፊት በ0.1 ባር ይጨምራል። ትንሽ ቁጥር ይመስላል፣ ግን የደረታችን ጡንቻ ያንን አሸንፎ ከላይ አየር መሳብ ያቅተዋል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ያስወጣነውን አየር መልሰን መተንፈስ እንጀምራለን። ስለዚህ ጥልቀት ውስጥ ስኖርክል ምንም አይጠቅምም። ጥቅሙ የሚጀምረው ዳይቩ ካለቀ በኋላ ነው፣ ክርክሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

«ታንክ ጀርባዬ ላይ እያለ ቱቦ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ይሥራ። ባለ 12 ሊትር ታንክ በ200 ባር 2400 ሊትር አየር ይይዛል። በ50 ባር ከወጣችሁ የቀራችሁ 600 ሊትር ነው። ሞገድ እየታገለ የሚዋኝ ሰው በደቂቃ 30 ሊትር ቢጠቀም፣ 600 ሊትሩ 20 ደቂቃ ነው። በ30 ባር ከወጣችሁ ደግሞ 12 ደቂቃ ብቻ። ደክሟችኋል፣ በርዷችኋል፣ ዳርቻው 300 ሜትር ይርቃል፤ 12 ደቂቃ እንዴት እንደምታልቅ ያየ ያውቀዋል። በስኖርክል ስትተነፍሱ ግን ታንካችሁ ውስጥ ያለው አየር ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

አሁን የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ በቅንነት ላቅርብ፣ ምክንያታቸው ውሃ የሚያነሳ ነውና። ስኖርክል ማስክ ላይ ሲንጠለጠል የውሃው ፍሰት ይገፋዋል። ሲገፋ የማስኩን ማሰሪያ ይጎትታል፣ ማስኩም ውሃ ያስገባል። ከሬጉሌተሩ ቱቦ ጋር ይያያዛል፣ ፀጉር ይይዛል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የደነገጠ ሰው እጁ ያገኘውን ነገር አፉ ውስጥ ሊከት መቻሉ ነው። አሥር ሜትር ላይ አፍ ውስጥ የገባ ስኖርክል ውሃ እንጂ አየር አይሰጥም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ልብ በሉ፣ አንዱም ምክንያት «ስኖርክል አያስፈልግም» አይልም። ሁሉም የሚሉት «ስኖርክል ማስክ ላይ አይሁን» ነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው እኮ።

«ቢሲዲዬን ነፍቼ በጀርባዬ እዋኛለሁ» የሚሉም አሉ። ባሕሩ ጸጥ ሲል እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እዚህ ኢላት ከሰሜን የሚመጣው ንፋስ ሲበረታ ውሃው ይቆራረጥና ትንንሹ ሞገድ ፊት ፊታችሁን ይመታችኋል። በጀርባ የሚዋኝ ሰው ወዴት እንደሚሄድም በደንብ አያይም። ኮራሉ የት እንዳለ፣ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ለማየት ፊትን ወደ ውሃው ማድረግ ያስፈልጋል። ከዳርቻ ተነስታችሁ ለምትጠልቁ ይህ የሁልጊዜ ጉዳይ ነው።

ቦታ በቦታ እንየው። ዳሃብ ሄዳችሁ ከቤልስ ገብታችሁ በብሉ ሆል የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የምትወርዱበት ስንጥቅ ጠባብ ነው። እዚያ ማስክ ላይ የሚወዛወዝ ቱቦ ድንጋዩን ከመምታት በቀር ጥቅም የለውም። ከዚያ ግድግዳውን ተከትላችሁ ብሉ ሆል ደርሳችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ግን ዳርቻው ድረስ መዋኘት አለ። ያኔ ያ ቱቦ ከኪስ ይወጣል። በአንድ ዳይቭ ውስጥ ሁለቱም መልስ ትክክል ነው ማለት ነው፤ ሰዓቱ ነው የሚለያየው።

ትስልጎርም ደግሞ ሌላ ነው። በ1941 ቀይ ባሕር ውስጥ የሰመጠው ይህ የእንግሊዝ የጭነት መርከብ 30 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል። ሰዎች የሚሄዱት በአብዛኛው የጭነት ክፍሎቹ ውስጥ ገብተው ሞተር ብስክሌቶቹንና ካሚዮኖቹን ለማየት ነው። ውስጥ ብረት አለ፣ ሹል ነገር አለ፣ ጣሪያ አለ። የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ አጥማጅ ነው። እዚያ ስኖርክሉን ጀልባው ላይ ትቼ ብገባ አይቆጨኝም፤ የምወርደውም የምወጣውም ጀልባው የታሰረበትን ገመድ ይዤ ነው።

በራስ መሐመድና በቲራን ግን ፍሰቱ ይዟችሁ ይሄዳል፣ ጀልባው ነው መጥቶ የሚያነሳችሁ። እስኪያያችሁ ድረስ ትጠብቃላችሁ። በ1998 አውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ጠልቀው ሳሉ ጀልባው ትቷቸው ሄደ፣ አለመመለሳቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። አልተገኙም። ስኖርክል ያድናቸው ነበር አልልም፣ እንደዚያ ማለት ድፍረት ነው። የምለው ውሃው ላይ መጠበቅ የዳይቩ አንድ ክፍል መሆኑን ነው። ብዙዎቻችን ለ20 ሜትር ጥልቀት እንዘጋጃለን፣ ላይ ሆኖ ለመጠበቅ ግን አናስብም። ለዚህም ነው ከስኖርክል በፊት የሚነፋ ቦይና ፊሽካ ያዙ የምለው። ቦይ እንድትታዩ ነው፣ ስኖርክል እስክትታዩ እንድትተነፍሱ።

እንዴት ይያዝ? የሚጠቀለል ለስላሳ የሲሊኮን ስኖርክል አለ፣ ቢሲዲ ኪስ ውስጥ ይገባል። ግን ኪስ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ምንም አይደለም። በአንድ እጅ፣ ሳታዩ፣ በሞገድ ውስጥ አውጥታችሁ ማስካችሁ ላይ ማሰር መቻል አለባችሁ። ስታስሩት በግራ በኩል ይሁን፣ ሬጉሌተሩ የሚመጣው በቀኝ ነውና። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን የመዋኛ ስኖርክል ደግሞ ለስኩባ አታስቡት። ሬጉሌተሩን አፋችሁ ውስጥ እንዴት ልትከቱ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ሁሉ ያጻፈኝም እሱ ነው። ጀማሪዎች ስኖርክሉን የሚጥሉት ሒሳቡን ሠርተው አይደለም። ነባሩ ጠላቂ ስኖርክል የለውም፣ ስለዚህ ስኖርክል መያዝ ጀማሪ ያስመስላል፤ በቃ። በኮርሱ ላይ ውሃው ላይ ሆናችሁ ስኖርክልና ሬጉሌተር ስትቀያየሩ «ይህ ለፈተና ነው» ብላችሁ ነው ያለፋችሁት። ነባሩ ሰውዬ ግን አየሩን ቆጥቦ፣ ፍሰቱን አንብቦ፣ መውጫው አጠገብ ነው የሚወጣው። ስኖርክሉን የተወው ይህን ሁሉ ከቻለ በኋላ ነው። እናንተ ችሎታውን ትታችሁ መልኩን ብቻ ከወሰዳችሁ አደጋው እዚያ ላይ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዳይቭ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ላይ ከወጣሁ በኋላ እስከ ዳርቻው ወይም እስከ ጀልባው ስንት ደቂቃ ነው? ያን ያህል ደቂቃስ በምን እተነፍሳለሁ? መልሱ ግልጽ ከሆነላችሁ፣ ስኖርክል ያዛችሁም ተዋችሁም ከእናንተ ጋር አልጣላም። ግልጽ ካልሆነ ግን ቱቦውን ጠቅልላችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ ክብደቱ ምንም አይደለም።

የተለየ ልምድ ያላችሁ ጻፉልኝ። እከራከራለሁ፣ ግን አልቆጣም። መልካም ዳይቭ!