ማይክሮዌቩ ማንን አሳረፈ?

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ማኅበራችን ለተማሪው የጋራ ማድ ቤት ማይክሮዌቭ ይግዛ የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ሐሳባቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል። ከምክንያቶቻቸውም ሁሉ ጎልቶ የተሰማው፣ ይህ መሣሪያ እኅቶቻችንን ከማጀት ቀንበር ያላቅቃል የሚለው ነው። ለማስረጃም የጠቀሱት የተሞላ አትክልትን ነው፤ የፈረንጅ ቃሪያ ተሞልቶ በ6 ደቂቃ በስሎ ይቀርባል ይላሉ። እኛ የመሣሪያው ጠላቶች አይደለንም፤ እንዲያውም ይገዛ ባዮች ነን። ነገር ግን «ተሞልቶ» የምትለዋ ቃል በጣም በችኮላ የታለፈች መሰለን። ማን ሞላው? ይህ ጽሑፍ ስለዚህች አንዲት ቃል ነው።

እኛ ስንል የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የሆንን ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ አራታችንም የዶሮ ማነቂያ ልጆች ማለታችን ነው። ከክፍለ ሀገር ለመጣው አንባቢ እንገልጽ ዘንድ፣ ዶሮ ማነቂያ በአራዳ፣ ፒያሳ እምብርት ላይ የነበረ ሰፈር ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በዐዋጅ ከተወረሰ ወዲህ ነዋሪው በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነበር፤ ግድግዳ ከግድግዳ ተጣብቆ፣ ለአያሌ ቤተሰብ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ማድ ቤት። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ እስኪዛወር ድረስ ጎረቤታችን ነበርና ቃሪያና ቲማቲም አመሻሽ ላይ በርካሽ ይገኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ፤ ጎረቤቱም ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ዛሬ ከአራታችን ቤተሰብ በሦስቱ ቤት ማይክሮዌቭ አለ፤ የጋራ ማድ ቤት ግን በአንዱም የለም።

ስለ ተሞላ አትክልት ለመናገር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የቃሪያ ስንግ አለን። በጾም ቀን ሽሮው ሲወጣ ከጎኑ ካልተገኘ ገበታው የጎደለ የሚመስለን ያ ስንግ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ወንድ ተማሪ ስንት ነው? ቃሪያው ታጥቦ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በቢላዋ ይሰነጠቃል፤ እንዳይገነጠል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሬው በቢላዋ ጫፍ ወይም በጣት ተጠርጎ ይወጣል። ቀይ ሽንኩርት ይላጣል፣ ይደቃል፤ ቲማቲም የሚጨምርም አለ። ጨው፣ ዘይትና ሎሚ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቃሪያ በእጅ እየተከፈተ አንድ በአንድ ይሞላል። የቃሪያ ፍሬ ያወጣ ጣት እስከ ማግስቱ ድረስ ዓይን አይነካም። ለስምንት ሰው ሁለት ሁለት ቢደርስ አሥራ ስድስት ቃሪያ ነው፤ ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን ሁለት ጉርሻ ነው።

እሳቱስ? እሳት የለበትም። ስንግ ጥሬውን ነው የሚበላው። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለ ፈጣን ምድጃ ሁሉ ቢሰበሰብ ከስንግ ላይ አንዲት ደቂቃ አይቀንስም። ድካሙ በሙሉ ያለው ከእሳቱ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነውና።

«እናንተ የምትናገሩት ስለ ጥሬው ነው፤ የሚበስለውስ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መሣሪያውንም በሚገባ ሳናውቀው እንዳንፈርድበት ጥቂት እንበል። በ1945 እ.ኤ.አ. ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ የአሜሪካው ሬይቴዎን ኩባንያ መሐንዲስ ከራዳር ማግኔትሮን አጠገብ ሲሠራ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠበት፤ ከዚያም ምርምሩን ቀጠለ። በ1947 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ምድጃ ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 340 ኪሎ ገደማ ነበር፤ በዶሮ ማነቂያ ቤቶች በር አይገባም ነበር ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ሞገዱ ምግቡን የሚያሞቀው በተለይ በውስጡ ያለውን ውሃ በማንቀሳቀስ ሲሆን፣ ዘልቆ የሚገባውም ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲደርሰው ይበስላል። እንግዲህ ውሃ የበዛበት፣ ግድግዳው የሳሳ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የፈረንጅ ቃሪያ ለዚህ ምድጃ የተፈጠረ ይመስላል። ምግቡን ይመርዛል፣ ጨረሩ በውስጡ ይቀራል የሚባለው ሐሰት ነው፤ መሣሪያው ሲጠፋ ሞገዱም አብሮ ይጠፋል።

ባለፈው ዓርብ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ሠርተን አየነው። ስምንት የፈረንጅ ቃሪያ ገዛን። አናታቸውን ቆርጠን ለክዳን አስቀመጥነው፤ ፍሬውንና ነጩን ጅማት አወጣን። ለመሙያ የተቀቀለ ሩዝና ከትናንት የተረፈ ምስር ወጥ አዋሐድን፣ በላዩም የደቀቀ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ዘይት ጨመርን። ሩዙ አስቀድሞ መቀቀል አለበት። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጥሬ ሩዝ በቃሪያ ውስጥ ቢገባ ቃሪያው ሲሟሽሽ እርሱ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ቃሪያዎቹን በሸክላ ሳሕን ጎን ለጎን አቁመን፣ ከሥራቸው ሁለት ማንኪያ ውሃ አፍስሰን፣ በሌላ ሳሕን ከድነን አስገባን። 6 ደቂቃ የተባለው ለሦስት ለአራት ቃሪያ ከሆነ እንጃ፣ ለስምንቱ 10 ደቂቃ ፈጀ። ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ወደ መሃል እንዲደርስ ሦስት ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ። ክዳኑ ሲነሣ ፊትን ማራቅ ነው፤ የሚያቃጥል ቃሪያ ተቀላቅሎ እንደሆነ እንፋሎቱ ጉሮሮና ዓይን አያስቀርም። ጣዕሙ ጥሩ ነበር። በከሰል እንደሚሠራው ጠርዙ ጠቆር አላለም፤ እርጥብ ሙቀት አይጠብስምና ይህን መጠበቅ የለብንም።

አንዳችን ሰዓት ይዞ ነበር። ከማጠቡ ጀምሮ የመጨረሻው ቃሪያ እስኪሞላ ድረስ፣ አራት ሰው ተጋግዞ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደ። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ስንት እንደሚፈጅበት አንባቢ ያስላው። በከሰል ቢሆን ኖሮ ለመብሰል ሌላ አርባ ደቂቃ ያህል ይጨምር ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ አርባ ደቂቃ የሚሠራው ድስቱ ነው። ሴትዮዋ አረፍ ትላለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ልጅ ታጠባለች። ማይክሮዌቩ የቆረጠው የድስቱን ሥራ እንጂ የእጅን ሥራ አይደለም።

የተሞላ አትክልት በየአገሩ የብዙ እጅ ምግብ ነው። በአራዳ ዙሪያ ለዘመናት ከኖሩት የአርመን ቤተሰቦች ገበታ ዶልማ የሚባለው አይጠፋም፤ ቃሉ በቱርክኛ «የተሞላ» ማለት ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው የነሐስ ሙዚቃቸውን ነው፤ ሕዝባቸው ግን የወይን ቅጠል መጠቅለልንም የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ይህ ጥቅለላ ሴቶች ተሰብስበው፣ እየተጨዋወቱ የሚሠሩት ነው፤ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አሰልቺ ነው። በግቢያችንም ሽንኩርት ሲከተፍ ሁለት ሦስት እናቶች መክተፊያቸውን ይዘው አንድ ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። አሁን እያንዳንዷ በየፎቋ ብቻዋን ትከትፋለች። ይህን ማይክሮዌቩ አላመጣውም፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው ሳሕን የተሠራ መሣሪያ ስለሆነ አይመልሰውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በቀድሞው ግቢያችን ምግብ በማብሰል ውስጥ የወንድ ልጅ ድርሻ ምን ነበር? ከሰል መግዛትና ማምጣት፣ ማንደጃውን ደጅ አውጥቶ ማቀጣጠል፣ ማራገብ፣ ጀሪካን ይዞ ከቧንቧው መሰለፍ፣ እህል ወደ ወፍጮ ማድረስ። ከዚህ አልፎ ቢላዋ ያነሣ ልጅ «ሴታ ሴት» ይባል ነበር። እንግዲህ ቧንቧው ቤት ገባ፤ ዱቄቱ ተፈጭቶ በከረጢት መጣ፤ እሳቱን ኤሌክትሪክ ተረከበው፤ ማይክሮዌቭም ጨመረበት። ከእነዚህ ሁሉ ለውጦች ያረፈው ማን ነው? ልጁ ነው። የእርሱ ሥራ በሙሉ በመሣሪያ ተተካ። ሽንኩርቱን የሚልጥ መሣሪያ ግን ወደ ቤታችን አልገባም፤ ቃሪያ የሚሰነጥቅም የለም።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን የተባሉት አሜሪካዊት የታሪክ ጸሐፊ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ በአገራቸው ታሪክ አሳይተዋል። ምድጃው ሲሻሻል እንጨት ከመፍለጥ ያረፉት አባትና ልጆች ሆኑ፤ እናቲቱ ግን የበለጠ ዓይነት ምግብ እንድትሠራ ተጠበቀባት። እኛም ቤት እንዲሁ ነው። ቀድሞ በጾም ቀን ሽሮና ጎመን ይበቃ ነበር፤ አሁን «ማይክሮዌቭ አለሽ አይደል» ተብሎ የተሞላ ቃሪያ ይጠየቃል።

በተለይ ያሳሰበን አንድ መልስ አለ። አንድ ወንድማችን በክርክሩ ላይ፣ «ለመክተፉማ ሠራተኛ አለች» አለ። ሠራተኛ የሚላት ከገጠር የመጣች፣ ብዙ ጊዜም የእኛ እኩያ ወይም ከእኛ የምታንስ ልጅ ናት፤ የማታ ትምህርት ለመማር የወጣች ካለችም ሽንኩርቱ የሚከተፍበት ሰዓት ክፍል የምትገባበት ሰዓት ነው። ስለ ሴቶች ነጻነት በዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተናገርን ቢላዋውን ወደ እርስዋ እጅ ካሻገርነው፣ ነጻ የወጣው ማን እንደሆነ ይህ ወንድማችን ያስረዳን። ያለ ምንም ቂም ነው የምንጠይቀው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማይክሮዌቩ ይገዛ፤ ለተማሪ ጠቃሚ ነው፤ የተረፈ ወጥ ያሞቃል፤ ድንች በአሥር ደቂቃ ያበስላል። በዚያው በጀት ግን አራት መክተፊያና አራት ጥሩ ቢላዋ ይገዛ። ከግድግዳው ላይ የተራ ሰሌዳ ይሰቀል፤ በሰሌዳውም ላይ የወንዶች ሕንጻ ነዋሪዎች ስም ከሴቶቹ እኩል ይጻፍ፣ ተራውም ለመላጥ፣ ለመክተፍና ለመሙላት እንጂ የማይክሮዌቩን ቁልፍ ለመጫን አይሁን። የመጀመሪያውን ዓርብ ተራ እኛ አራታችን እንወስዳለን፤ ቃሪያ እናመጣለን፣ ሽንኩርት ግን ሌላ ሰው ቢያመጣ ደስ ይለናል፣ ዋጋው ተወዷልና።