«እስክንሻገር ድረስ»

የመዝናኛ መርከብ ተሳፋሪ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲከፍል የሚገዛው አልጋና ምግብ ብቻ አይደለም፤ ወደቦችንም ነው። ነገር ግን ነፋስ ሲበረታ፣ ማዕበል ሲነሣ፣ መርከቡ ከወደቦቹ አንዱን ሳይነካ ያልፋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት የተነሣ ብዙ የመዝናኛ መርከቦች መሥመራቸውን ለውጠው ወደቦችን ሰርዘዋል። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የጉዞ ውል አብዛኛውን ጊዜ ይህን መብት ለመርከቡ ባለቤት ይሰጣል፤ ለተሳፋሪው የሚመለስለት ቢኖር የወደቡ ቀረጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው በሁለት ይከፈላል። አንዱ የመርከቡን አጥር ተደግፎ ያልረገጠውን ምድር እያሰበ፣ ካፒቴኑን እየረገመ ይውላል። ሌላው «የሆነው ሆነ» ብሎ መዋኛው ዳር ይጋደማል፤ እንዲያውም ወደቡ መቅረቱን እንደ ጸጋ ይቆጥረዋል። ዓለም የመጀመሪያውን ነጭናጫ፣ ሁለተኛውን ብልህ ብሎ ሰይሟቸዋል። እውነቱ ግን ሁለቱም መሳሳታቸው ነው።

ነገሩ የባለጸጎች ወግ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከካርቱም በስተ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር በተዘረጋችው በካላክላ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሐበሻ አይገኝም፤ የጎደሉት መርከቡና መዋኛው ብቻ ናቸው። ወደዚህ ከተማ ከመጣው ኢትዮጵያዊ መካከል ብዙው ካርቱምን ብሎ አልመጣም። ያሰበው ወደብ ካናዳ ነበር፣ አውስትራሊያ ነበር፣ አውሮፓ ወይም የባሕረ ሰላጤው አገር ነበር። ማመልከቻው ዘገየ፣ ቪዛው ተከለከለ፣ ደላላው ገንዘቡን በልቶ ተሰወረ፤ ወደቡም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜ ሁሉ «እስክንሻገር ድረስ» በሚል አንድ ሐረግ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ሐረጉ ሲሰሙት የዋህ ነው። ሥራው ግን የዋህ አይደለም። ልጅ ለትምህርት ሲደርስ «እስክንሻገር» ተብሎ ቤት ይውላል። ዐረብኛው ከሱቅና ከታክሲ ቃላት አያልፍም፤ ለሚታለፍ አገር ቋንቋ ማን ይደክማል? የኪራይ ውሉ ሳይነበብ ይፈረማል፤ የሐኪም ወረቀት ሳይገባ ይታጠፋል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ቀን ሲያልፍ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ይባላል። ጥቂቱ ጊዜ ዓመት ይወልዳል፤ ዓመቱም ዓመት ይወልዳል። ለስድስት ወር የመጣ ሰው ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ልጁ አማርኛ ማንበብ የማይችል፣ ዐረብኛም መጻፍ የማይችል ጎረምሳ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያደረገው ቪዛ የከለከለው ቆንስል ነውን? ቆንስሉ የከለከለው መንገዱን ነው፤ ቀኑን አልወሰደም። ቀኑን የጣለው «እስክንሻገር» ባዩ ራሱ ነው።

በሌላው ወገን የቆሙት አጽናኞች ደግሞ ከዚህ ያላነሰ ጥፋት ያጠፋሉ። «የሆነው ሁሉ ለበጎ ነው፤ እንጀራ ከተገኘ ምን ጎደለ፤ የሄደ ገንዘብን መከተል ልብ ማድረቅ ነው» ይላሉ። ንግግራቸው ማር ነው። ዳሩ ግን ደላላው ገንዘብ ይዞ የሚሰወረው፣ አሠሪው ፓስፖርት የሚደብቀው፣ ደመወዝም የሚቀረው «ለበጎ ነው» ብሎ የሚቀመጥ ሰው መኖሩን ስለሚያውቁ ነው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። ቀንን በአግባቡ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ ዕዳን መማር ሌላ ነገር ነው። ወደቡ የቀረበት ተሳፋሪ በመርከቡ ላይ መጽሐፍ አንብቦ ቢውል መልካም አደረገ፤ ማንበቡ ግን የከፈለውን ከመጠየቅ አያግደውም።

ለዚህ ነገር ካርቱም ራሷ ምስክር አላት። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር በባሕር አውሮፕላን ተነሥተው በእስክንድርያ በኩል ወደ ሱዳን የመጡት ድንበሩን ተሻግረው ከአርበኞቻቸው ጋር ለመገናኘት ነበር። በሱዳን የነበሩት የእንግሊዝ ሹማምንት ግን መምጣታቸውን አልወደዱትም፤ መጀመሪያ በዋዲ ሐልፋ፣ ቀጥሎም በካርቱም አቆዩአቸው። ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት የረገጡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጥበቃው ከስድስት ወር በላይ ፈጀ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አቤቱታው አልተቋረጠም፤ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንተኒ ኢደን በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ካርቱም በመጡ ጊዜም የመሣሪያና የርዳታው ጥያቄ ቀርቦላቸዋል። ሥራውም አልቆመም። «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ እዚሁ ካርቱም ታተመ፤ በአማርኛ የተዘጋጁ አዋጆች በጠላት በተያዘው አገር ላይ ከአውሮፕላን ተበተኑ፤ በሶባም ወጣት ስደተኞች የመኮንንነት ትምህርት ተማሩ። አንዱ እጅ ይጠይቃል፤ ሌላው እጅ ይሠራል።

«እርሳቸውማ ንጉሥ ነበሩ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ነገር ግን በአዋጁ ትርጉምና በጋዜጣው ሥራ የደከመው፣ በሶባ ፀሐይ የተሰለፈው ሰው ዘውድ አልነበረውም። እርሱም እንደ ዛሬው ሰው መሻገሪያው የራቀበት ስደተኛ ነበር። ልዩነቱ የጥበቃውን ቀን ከዕድሜው አለመቀነሱ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ካላክላም ከእሳቱ አላመለጠችም። «እኔ አልፎ ሂያጅ ነኝ» ማለት ጥይት አላገደም። ብዙው ሰው በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ጋላባትና መተማ ሲሸሽ፣ በየኬላው ለቀረበለት ጥያቄ በዐረብኛ የሚመልስና የማይመልስ፣ ወረቀቱ የተሟላለትና ያልተሟላለት ሰው ዕጣቸው አንድ አልነበረም። በሰላሙ ጊዜ የተናቀው ቋንቋና የተናቀው ወረቀት በክፉ ቀን ስንቅ ሆኑ።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር መዲናዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ ሰው ቀስ በቀስ ወደየቤቱ መመለስ ይዟል። የሚያሰጋው ከተመላሹ ጋር ያ አሮጌ ሐረግም አብሮ እንዳይመለስ ነው። ስለዚህ መሻገር የሚፈልግ ይሻገር፤ ምኞት ኃጢአት አይደለም። የዘገየው ማመልከቻ መልስ ይጠየቅበት፤ የተበላው ገንዘብ በምስክርና በጽሑፍ ይያዝ፤ ያልተከፈለ ደመወዝ አይማር። እስከዚያው ግን ልጅ ሁለቱንም ፊደል ይቁጠር፤ ቡናው በሚፈላበት ሰዓት ዐረብኛ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው የውሉን ወረቀት ያንብብለት፤ ያልገባው ወረቀት ላይ ማንም አይፈርም። ይህን ለማድረግ ቪዛ አያስፈልግም። ወደቡ ነገ ቢመጣ ቋንቋ ያወቀና ልጁን ያስተማረ ሰው ያገኛል፤ ባይመጣም ያው ሰው ካላክላ ላይ በሰውነቱ ቆሞ ይገኛል።