ትንሹን ጉዳት ለባልንጀራ ስለ መንገር

ልጆች ሆይ፥ በሐዋሳ ከተማ በሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ አባ ኮዳን ያውቃል። ራሱ መላጣ፥ አንገቱ ራቁት፥ እግሩ ረጅም የሆነ ትልቅ ወፍ ነው። ዓሣ በሚሸጥበት በአሞራ ገደል እንደ ሽማግሌ ትከሻውን ሰብስቦ ይቆምና ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን አንጀት ይጠብቃል። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወዳጄ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ቆሮሶ ይህ ወፍ ከእጁ ነጥቆበት ሄደ። ወዳጄም ዓሣዬን አስመልሳለሁ ብሎ ሲሮጥ የዓሣ ቅርፊት አዳለጠውና በጭቃ ላይ በጀርባው ወደቀ። በዙሪያው የነበሩት ልጆች ሳቁ፤ አባ ኮዳውም አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አይቶት ዓሣውን ዋጠ።

ይህን የነገረኝ በዚያው ቀን ማታ ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቴ ታማ በአንድ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና እኔ በመተላለፊያው ላይ ሰሌን አንጥፌ ሦስት ሌሊት አድሬ ነበር። ከእርሱ በፊት ብዙ ሰዎች መጥተው ጠይቀውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን አንዱ በዚሁ በሽታ ስለ ሞተው አጎቱ አወራን፤ ሁለተኛው «ምነው እስከ ዛሬ ዘገያችሁ?» ብሎ ገሠጸን፤ ሦስተኛዪቱም ሐኪሙ ያላዘዘውን ሥር ቀቅለን እንድናጠጣት መከረችን። እኔም ለሁሉ «ደኅና ናት፥ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልሁ ሸኘኋቸው። ይህ ወዳጄ ግን በደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ጭቃ የነካውን ሱሪውን አሳየኝና የአባ ኮዳውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወተኝ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ አለቀስሁ። ካለቀስሁ በኋላም እስከዚያች ሰዓት ለማንም ያልነገርሁትን፥ ለመድኃኒት የቀረኝ ገንዘብ ከሁለት ቀን እንደማያልፍ፥ ነገርሁት።

እርሱም ብዙ አልተናገረም። በማግሥቱ ሚስቱ መጥታ ከባለቤቴ ጋር አደረች፤ እኔም ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። የመድኃኒቱንም ዋጋ አራት ሰዎች ተከፋፈሉት፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ከዚያ ወዲህ አንድ አሳብ በልቤ ጸንቶ ይኖራል። ትንሹን የዕለት ጉዳት ለባልንጀራው መንገር የለመደ ሰው ትልቁ ጉዳት በመጣበት ቀን የሚናገርበት አንደበት አለው፤ ያልለመደ ግን በዚያ ቀን አፉ ይያዛል። በየቀኑ የሚሄዱበትን የእግር መንገድ ሣር አያለብሰውም፤ በጨለማ እንኳ እግር ራሱ ያገኘዋል። ወዳጄና እኔ ሃያ ዓመት ያህል ስለ ተሰበረ ገንቦ፥ ስለ ጠፋ ቁልፍ፥ ስላረረ ወጥ፥ ስላመለጠን አውቶቡስ ስንነጋገር ኖረናል። ለሚያየን ሰው ጊዜ የምናባክን እንመስል ነበር፤ እኛ ግን ሳናውቀው መንገዱን ስንረግጥ ኖረናል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን አይወዱም። «የቤትህን ገበና በደጅ አታውጣ» ይላሉ። በዚህ አልነቅፋቸውም፤ የሰውን ገበና ይዞ የሚዞር ሰው ክፉ ነውና። ነገር ግን ወባ ገበና አይደለም። የእናት መታመምም፥ የአባት ከሥራ መዋልም ገበና አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ያስተማሩን እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከሁለቱ ቃላቸው ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ በእኔ በራሴ ላይ የሚፈርድ ነገር ነው። በማስተምርበት ክፍል አንድ ልጅ አራት ቀን በተከታታይ እያረፈደ መጣ። የቤት ሥራውንም አልሠራም ነበር። ምክንያቱን ብጠይቀው ዝም አለ። በአራተኛው ቀን በክፍሉ ፊት አቆምሁትና «ሰነፍ» አልሁት፤ እርሱም ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ቆመ። በዚያው ቀን በዕረፍት ጊዜ ከእርሱ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ የጫማው ማሰሪያ ተበጥሶበት በአንድ እግሩ እየጎተተ ይሄድ ነበርና፥ «እናቴ ዛሬ ትገድለኛለች፤ በዚህ ወር ሁለተኛዬ ነው» እያለ ለባልንጀራው ያወራለት ጀመር። ያ ዝም ያለው ልጅ ጥቂት ሳቀ፤ ከዚያም፥ «የእኔማ እናት ብትቈጣኝ ደስ ባለኝ፤ ከአልጋ መነሣት አቅቷታል» አለው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተከታትሎ ወጣ። እናቱ ከታመመች ስድስተኛ ቀኗ ነበረ። አባቱ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል። ማለዳ ተነሥቶ በጀሪካን ውኃ የሚያመጣ፥ ታናሽ እኅቱን የሚያበላ እርሱ ነው። እናቱም «ብርድ መትቶኝ ነው፥ ያልፋል፤ ለሰው እንዳትናገር» ብላዋለች። ጫማው የተበጠሰበት ልጅ ይህን ሰምቶ እግሩን እየጎተተ ወደ እኔ መጣና፥ «መምህር፥ እርሱ ሰነፍ አይደለም» አለኝ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በዚያው ሰዓት ሴትዮዋን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ከጣቷ ጥቂት ደም ተወስዶ ቢመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ሴቲቱ የወባ ትንኝ ናት፤ እርሷም በታቈረ ውኃ ትራባለች። ሮናልድ ሮስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር ሲሠራ የወባን ረቂቅ ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሰዎች በሽታውን ከረግረግ የሚነሣ ክፉ አየር የሚያመጣው ይመስላቸው ነበር። የእኛ ሐኪሞች ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል ይላሉ፤ አንዱ የወባ ዓይነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አንጎል ደርሶ ሰውን ሊገድል ይችላልና፥ ይልቁንም ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን። እንግዲህ አስቡት፤ ያቺ እናት ስድስት ቀን ተኝታለች። ሰባተኛው ቀን ምን ይሆን እንደ ነበረ አላውቅም። ያን ቀን ያስቀረው አንድ የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ ነው።

መድኃኒቱን እየዋጠች በቤቷ ሳለች የክፍሉ ልጆች ሊረዷት ሄዱ። አንዱ ውኃ አመላለሰ፤ ሌሎች ተራ ገብተው ለባልንጀራቸው ያመለጠውን ትምህርት ገለበጡለት። ሁለት ሴቶች ልጆች ደግሞ ሽሮ እንሠራለን ብለው ምድጃ ላይ ጥደው ጨዋታ ያዙና አሳረሩት። ጢሱም ቤቱን ሞላው። በሽተኛዪቱ ከአልጋዋ ሆና፥ «ልጆቼ፥ ከወባ ያመለጥሁትን በጢስ ልትገድሉኝ ነውን?» ብላ ሳቀች። ልጇ እንደ ነገረኝ፥ ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ ያያት በዚያች ቀን ነው። እኔም በማግሥቱ ልጁን ባቆምሁበት ስፍራ ራሴ ቆሜ በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። መምህር ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያረፈዱ ልጆች ምክንያታቸውን ሳልጠይቃቸው ሲነግሩኝ አይቻለሁ።

ሕመምን መደበቅ ያመጣውን ጉዳት ሀገራችን በሰፊው አይታዋለች። የኤድስ ሕሙማን በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቁት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሕመምተኛው ሕመሙን ከጎረቤትና ከዘመድ ይሸሽግ ነበር፤ የታወቀበትም እንደ ሆነ ቤት የሚያከራየው፥ በአንድ ጽዋ የሚጠጣ ሰው ያጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ግን ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች «መቅድም» እና «ተስፋ ጎሕ» የሚባሉ ማኅበራት በአዲስ አበባ አቋቁመው ሕመማቸውን በግልጥ ይናገሩ፥ እርስ በርሳቸውም ይጠያየቁ ጀመር። መድኃኒቱ ለሕዝብ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹን ያቆያቸው የባልንጀራ መምጣትና አብሮ መቀመጥ ነበረ።

በእኛ በሲዳማ አገር ደግሞ «አፊኒ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ትርጓሜው «ሰምታችኋልን?» ማለት ነው። ጠብ በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ነገሩም በጉባኤው ጆሮ ሳይሰማ አይፈረድም። ይህ ጥያቄ ለጠብ ብቻ ሳይሆን ለሕመምም ቢሆን እወድ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «ደኅና ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ይለያያሉ፤ ሰላምታው ያማረ ነው፥ ነገር ግን ከበስተኋላው ስንት ነገር ይሸሸጋል! እድራችንም እንዲሁ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ለመትከል፥ ወንበር ለማምጣት፥ ንፍሮ ለመቀቀል ፈጣኖች ነን። ለታመመ ሰው አስታማሚ ግን አንዲት ሌሊት ለመተካት እንዘገያለን። ለሕመም ጊዜም የሚረዱ እድሮች አሉና ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሁሉም እንዲህ ቢያደርጉ ግን ድንኳኑ የሚዘገይበት ቤት ይበዛ ነበር።

ስለ አጠያየቅም ጥቂት ልበል። ኢዮብ በታመመ ጊዜ ሦስት ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው እንደ ተቀመጡ ተጽፏል። የኔታ ይህን ሲያስተምሩን፥ «ወዳጅነታቸው ያማረው እስከዚያ ድረስ ነው፤ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ይከሱት ጀመር» ይሉን ነበር። የእኛም ጠያቂዎች ብዙዎቹ ከስምንተኛው ቀን ይጀምራሉ። በሽተኛው ሕመሙ በጸናበት ሰዓት የጭቃ ሱሪህን ነገር ብታወራለት ሞኝነት ነው፤ አስቀድመህ ፊቱን እይ። የምታወራውም የራስህን ውድቀት ይሁን እንጂ የጎረቤትህን አይሁን፤ በጎረቤት ውድቀት መሳቅ ሐሜት ነውና። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ የሚሄድ ሰው መልካም አደረገ። አስታማሚዋ ምሳ በልታ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ከእርሱ ይበልጣል፤ በሽተኛውን ሁሉ ይጠይቀዋል፥ አስታማሚዋን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ ሀገራችን በገባ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጨባበጥና የታመመን በቤቱ ሄዶ መጠየቅም ለጊዜው ቀረ። ያ ወዳጄ በየማታው በስልክ ይደውልልኝ ነበር። አንድ ማታ ዳቦ ጋግሮ እንደ ድንጋይ ደርቆበት ጎረቤቱ ለበር መደገፊያ እንደ ለመነው ነገረኝ። እኔም በዚያው ማታ ጥቂት ትኩሳት ተሰምቶኝ ለቤተ ሰቤ ደብቄ ነበርና ሳልነግረው አላለፍሁም። እርሱም «በል አሁኑኑ ለባለቤትህ ንገራት፤ እኔ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ» አለኝ፤ ጠበቀም።

የባለቤቴን ነገር ሳልጨርስላችሁ ቀርቼ ነበር። ዳነች። ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ከወዳጄ ጋር ሦስት ሆነን በሾላው ጥላ ሥር በሐይቁ ዳር አልፈን ወደ አሞራ ገደል ወረድን። አባ ኮዶቹ እንደ ወትሯቸው ተሰልፈው ቆመዋል። «የነጠቀህ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ሁሉንም አንድ በአንድ ከተመለከተ በኋላ፥ «ያ ነው፤ ዐይኑን ከእኔ የሚያሸሸው» አላት። በዚያ ቀን የገዛነውን ዓሣ ግን ባለቤቴ ለእርሱ አልሰጠችውም፤ ራሷ ይዛው ሄደች።