ሴልም ፊትና ኋላ አለው

ባለፈው ሳምንት ማይቶሲስ ሳስተምር እንደ ሁሌው ሰሌዳው ላይ ክብ ሳልኩና "አንዷ ሴል ለሁለት እኩል ትከፈላለች" አልኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ እኩል ከሆኑ ታዲያ አንዷ ቆዳ፣ አንዷ አንጀት እንዴት ትሆናለች?" አለችኝ። "ፈተና ላይ አይመጣም" ብዬ አለፍኩ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

መልስ እኮ አለው! ክሮሞሶሙ እኩል ይከፈላል፣ ሌላው ግን ሁሌ እኩል አይደለም። እነ ኬን ኬምፊውስ በ1988 እ.ኤ.አ. ፓር የሚባሉትን ጂኖች ያገኙት 1 ሚሊ ሜትር በምታክል ትል ላይ ነው። የትሏ ጽንስ መጀመሪያ ሲከፈል የፊቷ ሴል ትልቅ፣ የኋላዋ ትንሽ ትሆናለች። ፓር 3፣ ፓር 6 እና ኤፒኬሲ የተባለው ኢንዛይም ተያይዘው ፊቱን ይይዛሉ፤ ፓር 1፣ ፓር 2 እና ኤልጂኤል ኋላውን።

እኔን የገረመኝ ድንበር አጠባበቃቸው ነው። የሴል ሽፋን የውስጥ ገጹ ኔጌቲቭ ነው፤ ኤልጂኤል በፖዘቲቭ ክፍሉ ይጣበቅበታል። ወደ ፊት ከተጠጋ ኤፒኬሲ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ፎስፌት ደግሞ ኔጌቲቭ ነውና ሽፋኑን ይለቃል። ፓር 1 በበኩሉ ፓር 3ን ከኋላ ያባርራል። የመሬት ጎረቤቶች በሏቸው።

አሁን ይሄ ለሃይስኩል ይከብዳል? ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንደሚሳሳቡ ልጆቹ ያውቃሉ። የከበደው ለኛ ነው፣ ክቧን ስለለመድናት።

ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዛ በክቧ ፈንታ ሞላላ እንቁላል እስልና ፊቱ የት እንደሆነ እሷው ታሳየናለች።