ብርጭቆውን ለየን፤ መስኮቱን ዘጋን





በምሠራበት መሥሪያ ቤት፥ በመዝገብ ቤቱ አንዲት ክፍል ውስጥ የምንቀመጥ አምስት ሰዎች ነን። ከመካከላችን አንድ ባልደረባችን ከወር በላይ ያስሉ ነበር። እኛም «የሳምባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም» እያልን በሹክሹክታ ካወራን በኋላ የሻይ ብርጭቋቸውን ለየንባቸው። መስኮቱን ግን ነፋስ እንዳይመታን ብለን እንደ ልማዳችን ዘጋነው። ብርጭቆውን የለየሁት እኔ ነኝ፤ መስኮቱንም የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ኋላ ከሐኪም እንደ ተረዳሁት፥ የሠራነው ሁሉ የተገላቢጦሽ ነበር። ሮበርት ኮክ የዚህን በሽታ ተሐዋሲ ማግኘቱን ያስታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ነው። ተሐዋሲውም የሚተላለፈው በሳል ወጥቶ በአየር ነው እንጂ በብርጭቆ አይደለም።

ታዲያ ባልደረባችን ሳይመረመሩ የቆዩት ፍርሃት ስላነሣቸው ነውን? አይደለም፤ ፍርሃት ስለ በዛባቸው ነው። የብርጭቆውን መለየት ካዩ ወዲህ ለመሳል ወደ ደረጃው ይወጡ ጀመር። በመጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዳቸው በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አልነበረም። አንዲት የሥራ ጓደኛችን ቀስ ብለው፥ «ትንሿ ልጅዎ ከማን ጋር ነው የምትተኛው?» ብለው ጠየቋቸው። «ከእኔው ጋር» አሉ። በማግሥቱ ሄዱ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በዚህ በሽታ ይበልጥ እንደሚጐዳ ሰምተው ነበርና። እርሳቸው የ6 ወሩን መድኃኒት ያለ ክፍያ ወስደው ዳኑ፤ ልጅቱም ተመርምራ መከላከያ ተሰጣት።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ሰውን ለጥንቃቄ የሚያነሣሣው ለሚወደው ሰው ማሰቡ ነው፤ የሚያስቀረው ደግሞ ኀፍረት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን እንዲደብቅ ያደረግነውስ እኛ አይደለንምን?

ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ባልደረባ ሲኖረን፥ ከመሸሽ ይልቅ በወንድምነት «ተመርመር» እንበለው። የክፍል ኃላፊዎችም መድኃኒቱን ለሚወስድ ሠራተኛ ሳያጉረመርሙ ጊዜ ይስጡት። መድኃኒቱን በደንብ የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማልና።

እኔም መስኮቱን ከፍቻለሁ፤ እስካሁን ነፋስ የመታው ሰው የለም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ