ድብ ባሕር፤ በሰማይ ቅርብ፣ በምድር ሩቅ

ጎንደርና አክሱም ምን ያህል ይራራቃሉ? ካርታ ላይ ማስመሪያ ላስቀመጠ ሰው ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው። በደባርቅ፣ በድብ ባሕር፣ በአዲ አርቃይና በሽሬ በኩል በመኪና ሲኬድ ግን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

መንገደኛውን የሚያደክመው ግን የኪሎ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን ሊማሊሞ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ይህ መንገድ ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕር ቆላ ይወርዳል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ለሚያይ ቆላው ድንጋይ ቢወረውር የሚደርስበት ይመስለዋል። ጭነት የያዘ ሾፌር ግን በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭጋጉና ናዳው ይጨመርበታል።

ከዴልሂ ሙምባይ በቀጥታ መስመር ወደ 1,150 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ ከድብ ባሕር ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚገሰግስ መኪና በዚያው ሰዓት ጎንደር ከገባ ዕድለኛ ነው።

አውሮፕላኑስ? ድሮ በአየር መንገዱ ታሪካዊ መስመር ከጎንደር በላሊበላ በኩል አክሱም ይደረስ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ በረራ ተቋረጠ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የመቀሌው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲቀጥል፣ በጦርነቱ የተጎዳው የአክሱም ማረፊያ ግን እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ጠበቀ። ይህም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ለሚሄድ ጎንደሬ ጉዞው ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከቀጥታው መስመር አራት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

የማረፊያው መከፈት መልካም ዜና ነበር። ነገር ግን ሊማሊሞን ይወርድ የነበረው ሕዝብ ሌላ ነው። ለኅዳር ጽዮን የሚጓዘው ምዕመን፣ ወደ ዋልድባ የሚያቀና መናኝ፣ እህል ጭኖ የሚወርድ ነጋዴ የአውሮፕላን ትኬት አይቆርጥም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይ አልፎ ወደ ደባርቅና ዳባት ወረዳዎች ሲዘልቅ የእነዚህ ሰዎች መንገድ የጦር ግንባር ሆነ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ግጭት ደግሞ ሌላ ስጋት አመጣ። ከጎንደር መናኸሪያ ሌሊት የሚነሣ ሰው ‹‹ስንት ኪሎ ሜትር ነው?›› ብሎ አይጠይቅም፤ ‹‹መንገዱ ክፍት ነው ወይ?›› ነው የሚለው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ‹‹ጎንደርና አክሱም ዳግም ተገናኙ›› ለማለት የበረራ መርሐ ግብር አይበቃም፤ መለኪያው አውቶቡሱ ነው። ከፖለቲካው መፍትሔ ጎን ለጎን ደግሞ ስምምነት የማይጠብቅ ሥራ አለ፤ ክረምት ሳይገባ ናዳ የሚጠርግ ዶዘር ደባርቅ ላይ ማቆም፣ ለድብ ባሕርም ነዳጅ ያለው አምቡላንስ መመደብ።